ብር የተቀባው ቱቦ ወይስ ተራው? ኢንፌክሽን ይከላከላሉ የሚባሉ የብረት ቅቦችን ለመምረጥ

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የሽንት ካቴተሮች (ሽንት ለማውጣት የሚገቡ ቱቦዎች) ተቀምጠዋል። አንዱ ሁላችንም የምናውቀው ተራው ነው። ሌላው በብር የተቀባ ነው፤ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ነው። የአቅራቢው ወኪል ጨዋ ወጣት ነው፣ ዕቃውንም ያውቀዋል። ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣና "99.9 በመቶ ባክቴሪያ ይገድላል" አለን። የግዢ ኮሚቴው አባላት ተያየን። ካቴተር ገብቶለት ትኩሳት የያዘው፣ ሲንቀጠቀጥ ያደረ ሕመምተኛ ሁላችንም አይተናል። ይህን የሚያስቀር ነገር ከተገኘ ማን ይጠላል?

እኔ ነርስ ነኝ። ብዙ ዓመት የሠራሁት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። የዚያን ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፦ "ለየትኛው ሕመምተኛ፣ ለስንት ቀን?" ወኪሉ መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም። ውሳኔውን ለሌላ ቀን አሳደርነው። እስከዚያ ድረስ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ያነበብኩት አንድ ነገር አስተምሮኛል። ብረቱ መጀመሪያ አይመረጥም። መጀመሪያ ዕቃው የሚገባበት የሰውነት ክፍል ይታያል። ቀጥሎ የሚቆይበት ቀን ይቆጠራል። የብረቱ ዓይነት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ ቦታ ላይ ጥሩ የሠራ ቅብ ሌላው ቦታ ላይ ምንም ላይፈይድ ይችላል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጉዳት አድርሷል፤ እሱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ይህን የምጽፈው ለሆስፒታል ዕቃ ለሚገዙ፣ ለነርሶችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች ነው። "ይህን ከውጭ ግዙና አምጡ" ተብለው ማዘዣ ለሚሰጣቸው አስታማሚዎችም ጭምር ነው። ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች እየደወሉ "ጥሩውን ላኩልን" የሚሉም አሉ። እዚህ "ብር" ስል ማዕድኑን ነው፤ ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ባክቴሪያ ቱቦውን ለምን ይወዳል

ሰውነት ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ሁሉ ለባክቴሪያ መቀመጫ ነው። ቱቦ ይሁን፣ ብረት ይሁን፣ የስፌት ክር ይሁን። ኤሌክ እና ኮነን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 ይህን በፈቃደኛ ሰዎች ቆዳ ላይ አሳዩ። ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ በጤነኛ ቆዳ ላይ መግል እንዲቋጥር በሚሊዮን የሚቆጠር መወጋት ነበረበት። የሐር ስፌት ክር ሲጨመርበት ግን ጥቂት መቶዎች በቂ ሆኑ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ቆይተን እንመለስበታለን።

ባክቴሪያዎቹ ቱቦው ላይ ከተለጠፉ በኋላ ዝልግልግ ነገር ያመነጫሉ። የተነከረ ተልባ ይመስላል። ባዮፊልም ይባላል። ከዚያ ዝልግልግ ሥር የተደበቀ ባክቴሪያ አንቲባዮቲክ በቀላሉ አያገኘውም። ለዚህ ነው ሐኪሙ ብዙ ጊዜ "መድኃኒት ጨምሩ" ከማለት ይልቅ "ቱቦው ይውጣ" የሚለው። እግር ውስጥ የገባ ብረት ሲያመረቅዝም መጨረሻው ብዙ ጊዜ እንደገና ኦፕሬሽን ነው።

የቅብ ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው። ባክቴሪያው ሳይደላደል፣ ገና ሊቀመጥ ሲል ይመታ ነው ነገሩ። ችግሩ ሰውነትም ዝም አይልም። ቱቦው ከገባ ከደቂቃዎች በኋላ የደም ወይም የሽንት ፕሮቲን ላዩን ይሸፍነዋል። የሞተ ባክቴሪያም እዚያው ይነጠፋል። አዲስ የመጣው ባክቴሪያ ያን ንጣፍ ረግጦ ይቀመጣል፤ ብረቱን አይነካውም። ስለዚህ ቅብ ጊዜ ይገዛል እንጂ ለዘለቄታው አይዘጋም።

ብር

የብር መስቀል አንገታችሁ ላይ ለዓመታት ካሰራችሁ ይጠቁራል። ምክንያቱ ድኝ ነው። ብር በአየርና በላብ ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ይያያዛል። የባክቴሪያ ፕሮቲኖችም ድኝ አላቸው። ከብሩ የሚለቀቀው አዮን (ኤሌክትሪክ ያዘለ ጥቃቅን የብር ቅንጣት) እነሱ ላይ ይጣበቅና ሥራቸውን ያቆማል፤ የባክቴሪያውን ሽፋንም ይጎዳል። መስቀሉን የሚያጠቁረውና ባክቴሪያውን የሚገድለው ጠባይ አንድ ዓይነት ነው።

ይህ ጥቅም አዲስ አይደለም። በላይፕሲግ ይሠራ የነበረው ካርል ክሬዴ ከ1880 ጀምሮ የተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ ያደርግ ነበር። ከእናት በሚተላለፍ ጨብጥ ዓይናቸው እንዳይጠፋ ነው። ቃጠሎ ላይ የምንቀባው ሲልቨር ሰልፋዳያዚንም ያው ብር ነው፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ አለ።

ገዢ ማወቅ ያለበት ግን ድክመቱን ነው። የሚሠራው አዮኑ ስለሆነ እርጥበት ይፈልጋል። ደረቅ ከሆነ አይሠራም ማለት ይቻላል። አዮኑ ደግሞ እየተለቀቀ ያልቃል። በዚያ ላይ ሰውነት ውስጥ ጨው አለ። ብር ከጨው ውስጥ ካለው ክሎራይድ ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነገር ይሆንና ይዘቅጣል። አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲንም ይይዘዋል። ላብራቶሪ ውስጥ ጀግና የነበረው ብር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ጉልበቱ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

"ባክቴሪያ ብርን አይላመድም" የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አትመኑ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ቦስተን በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ውስጥ ብርን የሚቋቋም ሳልሞኔላ ተገኝቷል። የሚቋቋምበትን ጂን ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ማስተላለፍም ይችል ነበር።

ብርን ከወርቅና ከፓላዲየም ጋር በጣም ስስ አድርገው የሚቀቡም አሉ። ባክቲጋርድ የተባለው የስዊድን ድርጅት በዚህ ይታወቃል። ሦስቱ ብረቶች እርጥበት ሲያገኙ በመካከላቸው ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይፈጠራል። ዓላማው ብዙ አዮን ለቅቆ ከመግደል ይልቅ ባክቴሪያው እንዳይለጠፍ ማድረግ ነው። ለሰውነት ሴሎች የዋህ ነው ማለት ነው።

መዳብ፣ ዚንክ እና ወርቃማው ቅብ

መዳብ ከብር የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ደረቅ ላይም ይሠራል። በ2009 የወጣ የላብራቶሪ ሥራ ሁለቱን በተራ የክፍል ሙቀትና በደረቅ አየር አወዳድሮ ነበር። መዳቡ ሲገድል ብር ያለበት ቅብ ይህ ነው የሚባል ውጤት አላሳየም። በአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በ2008 የመዳብ ቅይጦችን ባክቴሪያ ገዳይ ብሎ የመዘገበውም ለሚነኩ ነገሮች ነው። ለበር እጀታ፣ ለአልጋ ድጋፍ፣ ለግሉኮስ መስቀያ።

በ2013 በሦስት የአሜሪካ ሆስፒታሎች የተሠራ ጥናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ስድስት ዕቃዎችን በመዳብ ሠርቶ አወዳደረ። ሆስፒታል ውስጥ የያዘ ኢንፌክሽን ከ8.1 በመቶ ወደ 3.4 በመቶ ወረደ። ጥሩ ውጤት ነው። ግን ቺሊ ውስጥ በሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል በተሠራው ጥናት ልዩነቱ ያን ያህል ግልጽ ሆኖ አልወጣም። ስለዚህ አዲስ ክፍል እየሠራችሁ ከሆነና እጀታ መግዛታችሁ ካልቀረ፣ መዳብ ወይም ነሐስ አስቡበት። ያለውን እየነቀሉ መተካት ግን እኔ አልመክርም። መዳቡን ከገዛችሁም ቫርኒሽ አትቀቡት። ይጠቁር፤ ባክቴሪያው መዳቡን ራሱን ካልነካ አይሠራም።

ሰውነት ውስጥ ለሚቆይ ዕቃ መዳብ ብዙ የማይመረጠው ሲበዛ የሰውን ሴልም ስለሚመርዝ ነው። አንዳንዶች "ሉፕስ? እሱ መዳብ አይደል?" ይሉኛል። ልክ ነው፣ በማሕፀን የሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ መዳብ አለው። ግን እዚያ ያለው ለወንዱ ዘር ነው። ከኢንፌክሽን አይከላከልም፤ በግንኙነት ከሚተላለፍ በሽታም አይጠብቅም። ይህን ለሴቶች በግልጽ መንገር ያስፈልጋል።

ዚንክ ኦክሳይድ በቅባትና በቁስል መሸፈኛ ላይ ቦታ አለው። በቱቦና በብረት ላይ ግን ለግዢ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘሁም፤ አልፈዋለሁ።

ቲታኒየም ናይትራይድ የሚባለው ወርቃማ ቅብ ብዙ ሰው ያሳስታል። የጥርስ ሕክምና መሰርሰሪያ ላይና አንዳንድ የመገጣጠሚያ ተከላዎች ላይ ታዩታላችሁ። የተሠራው ለጥንካሬ ነው፣ ቶሎ እንዳይላላጥ። የኒኬል አለርጂ ላለባቸውም ይጠቅማል። ባክቴሪያ ግን አይገድልም። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ደግሞ ባክቴሪያ የሚገድለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ነው። ግድግዳ ላይ ሊያስኬድ ይችላል። አጥንት ውስጥ ብርሃን ከየት ይመጣል?

አሁን ዕቃ በዕቃ እንይ

የሽንት ካቴተር

እዚህ ላይ መልሱ ግልጽ ነው፤ ለአጭር ጊዜ ለሚገባ ካቴተር የብር ቅብ አትግዙ።

እንግሊዝ ውስጥ በ24 ሆስፒታሎች፣ ከ7,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ተደርጎ በ2012 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተራ ካቴተር የገባላቸው በስድስት ሳምንት ውስጥ 12.6 በመቶው ምልክት ያለው የሽንት ኢንፌክሽን ያዛቸው። የብር ቅይጥ ቅብ ያለው የገባላቸው ደግሞ 12.5 በመቶ። ይህ ልዩነት አይባልም። ናይትሮፉራል የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ያለው ሦስተኛ ካቴተር 10.6 በመቶ አሳይቷል፤ ግን ሕመምተኞቹ የበለጠ ያቃጥለናል ብለዋል።

ታዲያ ከዚያ በፊት የነበሩ ጥናቶች ብሩን ለምን አወደሱት? ብዙዎቹ የቆጠሩት ሽንት ውስጥ የታየ ባክቴሪያን ነው፣ የታመመ ሰውን አይደለም። ካቴተር የገባለት ሰው ሽንቱ ውስጥ በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ባክቴሪያ የመያዝ ዕድል አለው። ወር ሲሞላው ሁሉም ማለት ይቻላል ይኖረዋል። አብዛኞቹ ግን አይታመሙም። ወረቀት ሲመጣላችሁ የተቆጠረው ምን እንደሆነ ፈልጉ። ባክቴሪያ ነው ወይስ ሕመምተኛ?

ለወራት የሚቆይ ካቴተር ላይ ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። ፕሮቲየስ የተባለው ባክቴሪያ የሽንቱን አሲድነት ይቀንስና ቱቦው ውስጥ ድንጋይ መሰል ነገር ይጋግራል። ቱቦው ይደፈናል። ብሩም ሥሩ ይቀበራል። እዚያ የሚያዋጣው በጊዜው መቀየርና ውኃ በደንብ መጠጣት ነው።

የብር ካቴተሮች ብዙ ጊዜ የሚሠሩት ከላቴክስ ነው። የላቴክስ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ "በብር የተቀባ ነው" ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ለእሱ ተራው የሲሊኮን ካቴተር ይሻላል።

የመተንፈሻ ቱቦ

ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ላይ ያለ ሰው የሚያስፈራው የሳንባ ምች ነው። እዚህ ብር የተሻለ ታሪክ አለው። በ2008 የአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ2,000 ያላነሱ ሕመምተኞችን አካቶ ነበር። ቱቦው 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከቆየባቸው መካከል በተራው ቱቦ 7.5 በመቶው የሳንባ ምች ያዛቸው። በብር በተቀባው 4.8 በመቶ። አስሉት፤ አንድ ሰው ከሳንባ ምች ለማዳን 37 ያህል ሰው ላይ ብር የተቀባ ቱቦ ማስገባት ያስፈልጋል።

ግን እዚያው ጥናት ላይ የሞት ቁጥር አልቀነሰም። ቬንቲሌተር ላይ የሚቆዩበት ቀንም አላጠረም። ይህን ወኪሉ አይነግራችሁም፤ እናንተ ግን ማወቅ አለባችሁ።

የእኔ ግምገማ ይህ ነው። ለአንድ ቀን ኦፕሬሽን የሚገባ ቱቦ ተራ ይሁን። ለብዙ ቀን ለሚቆይ ሕመምተኛ ገንዘብ ካለ ብር የተቀባውን ማሰብ ይቻላል። ያም ቢሆን ወረፋ ይጠብቃል። መጀመሪያ የአልጋው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይበል። አፍ ይጽዳ። ማደንዘዣው በየቀኑ ቀለል ተደርጎ ሕመምተኛው ከቱቦው መላቀቅ ይችል እንደሆነ ይታይ። ቀጥሎ ከቱቦው የአየር ፊኛ በላይ የሚጠራቀመውን ምራቅ የሚመጥ ተጨማሪ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ይገዛ። ብሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ራስጌው ዝቅ ብሎ የተኛ ሰው ላይ ውድ ቱቦ ማየት ያሳዝነኛል።

የማዕከላዊ ደም ሥር ካቴተር

አንገት ወይም ደረት ላይ የሚገባው ትልቁ መስመር ማለቴ ነው። እዚህ ብረት ብቻውን አያሸንፍም። ጥሩ ማስረጃ ያላቸው ሁለት ናቸው። አንዱ ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ መድኃኒት) ከሲልቨር ሰልፋዳያዚን ጋር የተቀላቀለበት ነው። ሌላው ማይኖሳይክሊን እና ሪፋምፒን የተባሉ አንቲባዮቲኮች ያሉበት። በ1999 ሁለቱ ፊት ለፊት ተወዳደሩ። የደም ኢንፌክሽን በአንቲባዮቲኩ 0.3 በመቶ፣ በሌላው 3.4 በመቶ ሆነ። ያኔ የተወዳደረው የክሎርሄክሲዲን ዓይነት ግን ከውጭ ብቻ የተቀባው ነው። በኋላ የመጣው ከውስጥም ከውጭም ተቀብቷል። ስትገዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ክሎርሄክሲዲን አለርጂ አለው። ብዙ ጊዜ አይከሰትም፣ ሲከሰት ግን ከባድ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከጃፓን የመጡ ሪፖርቶች የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማስጠንቀቂያ እንዲያወጣ አድርገዋል። ስለዚህ ሕመምተኛውን ቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። ሪፋምፒን ደግሞ እኛ ጋ የቲቢ ዋና መድኃኒት ነው። ቲቢ በበዛበት አገር እሱን በየቱቦው መቀባት ያሳስበኛል። ይህ የግሌ ሥጋት ነው፤ ግን ከኢንፌክሽን ባለሙያ ጋር ሳይመከርበት በጅምላ መግዛት የለበትም እላለሁ።

የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል መመሪያም እነዚህን ካቴተሮች ለሁሉም አይልም። ከአምስት ቀን በላይ ለሚቆይ፣ ያውም ሌላው ጥንቃቄ ሁሉ ተሠርቶ ኢንፌክሽኑ አልቀንስ ሲል ነው የሚለው።

ሌላው ጥንቃቄ ምን ያህል እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ የአሜሪካዋን የሚሺጋን ግዛት ይመልከት። ፒተር ፕሮኖቮስት የመራው ሥራ ከ100 በላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍሎችን አሳትፎ በ2006 ታተመ። አምስት ነገር ብቻ ነበር። እጅ መታጠብ፣ ሲገባ ሙሉ ጋውንና መሸፈኛ፣ ቆዳን በክሎርሄክሲዲን ማጽዳት፣ ከተቻለ ታፋ ላይ አለማስገባት፣ የማያስፈልገውን ቶሎ ማውጣት። በ1,000 የካቴተር ቀን (አንድ ካቴተር አንድ ቀን ሲቆይ አንድ ተብሎ ሲቆጠር) በአማካይ 7.7 የነበረው የደም ኢንፌክሽን ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ 1.4 ሆነ። አንዱም አዲስ ቅብ መግዛትን አይጠይቅም።

አጥንት ውስጥ የሚገባ ብረት

በአገራችን "እግሩ ላይ ብረት ገባለት" ሲባል አብዛኛው ኔይል (አጥንቱ ውስጥ የሚገባ ዘንግ) ወይም ፕሌት (አጥንቱ ላይ የሚታሰር ሳህን መሰል ብረት) ነው። ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በብዙ ሆስፒታሎች የሚገባው ሳይን የተባለው ድርጅት ኔይል ተራ ስቴይንለስ ስቲል ነው። ለተለመደ ስብራት ይበቃል። እዚያ ኢንፌክሽን የሚቀንሰው ሌላ ነው። ክፍት ስብራት በጊዜና በደንብ ይታጠብ። አንቲባዮቲክ ደግሞ ከኦፕሬሽኑ በፊት በሰዓቱ ይሰጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ይላል። ለኔይል ውድ ቅብ ከመፈለግ በፊት ያ መርፌ በሰዓቱ መወጋቱን አረጋግጡ።

ብር ቦታውን የሚያገኘው በአጥንት ካንሰር ነው። ረጅም የአጥንት ክፍል ተቆርጦ ትልቅ ብረት ሲተካ ቁስሉ ሰፊ ነው። ሕመምተኛው ኬሞቴራፒ ላይ ነው፣ አቅሙ ደክሟል። በ2010 ከጀርመን የወጣ ሥራ 51 ብር የተቀባላቸውን ከ74 ተራ ቲታኒየም ከገባላቸው ጋር አወዳደረ። ኢንፌክሽኑ 5.9 በመቶ እና 17.6 በመቶ ነበር። በ2015 ከእንግሊዝ የወጣው ደግሞ 85 ለ85 አወዳድሮ 11.8 እና 22.4 በመቶ አገኘ። ሁለቱም በዕጣ የተከፋፈሉ ሕመምተኞች አይደሉም፤ የጀርመኑም ቁጥር ትንሽ ስለሆነ ዕድል ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ። ኢንፌክሽን ከያዘ ደግሞ መጨረሻው እግር መቁረጥ ሊሆን ይችላል። እኔ ለእንዲህ ያለ ሕመምተኛ ብር ይሁን እላለሁ። መጥፎ ጎኑ ቁስሉ አካባቢ ቆዳ ወደ ሰማያዊ ግራጫ ሊለወጥ መቻሉ ነው፤ ለሕመምተኛው ቀድሞ ይነገረው።

ካናዛዋ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ጃፓኖች ደግሞ ቲታኒየም ላይ አዮዲን ሞክረው ደስ የሚል ውጤት አግኝተዋል። ብረት ባይሆንም በዓይን ልትከታተሉት የሚገባ ነው።

የልብ ቫልቭ፦ ጉዳት ያደረሰው ቅብ

ቀድሜ ቃል የገባሁት ይህን ነው። ሴይንት ጁድ ሜዲካል የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲልዞን የተባለ ቫልቭ አወጣ። ከልብ ጋር የሚሰፋበት የጨርቅ ቀለበት በብር የተቀባ ነበር። ሐሳቡ ትክክል ይመስል ነበር፤ ቫልቭ ላይ የሚይዝ ኢንፌክሽን ገዳይ ነውና። 36,000 ያህል ሰዎች ገባላቸው።

ከዚያ ለማረጋገጥ የተጀመረው ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ብር የተቀባው ቫልቭ ዙሪያውን ያፈስ ነበር፤ ከተራው ይበልጥ። ጥናቱ 807 ሰው ላይ ቆመ። ድርጅቱም በጥር 2000 ቫልቩን ከገበያ ሰበሰበ። ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። የቫልቭ ቀለበት የሚጸናው የልብ ሥጋ በላዩ ሲያድግ ነው። ባክቴሪያውን የከለከለው ብር የሥጋውንም ሴል የከለከለ ይመስላል።

በቁርጥማት ሳቢያ በሚመጣ የልብ ሕመም ቫልቭ የተቀየረላቸው ብዙ ወጣቶች አሉን። እነሱ ሲልዞን ይገባልኛል ብለው አይስጉ፣ ከገበያ ከወጣ ቆይቷል። ታሪኩን ያነሳሁት ለገዢዎች ነው። ዕቃው ከሰውነት ጋር መዋሐድ አለበት? ሥጋ ወይም አጥንት ሊያድግበት ነው? እንግዲያው "ይገድላል" የሚለው ቃል ጥያቄ ሊያስነሳባችሁ ይገባል። ትልልቆቹ የካንሰር ተከላዎች ላይም አጥንት ውስጥ የሚገባው ዘንግ ብዙ ጊዜ ብር ሳይቀባ የሚቀረው ለዚህ ነው።

99.9 የሚለውን ወረቀት ማንበብ

ወደ ወኪሉ ወረቀት እንመለስ። ከአንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ 99.9 በመቶው ቢሞት 1,000 ይተርፋል። ባዕድ ነገር ባለበት ቦታ ጥቂት መቶዎች በቂ መሆናቸውን ከ1957ቱ ሙከራ አይተናል።

ቁጥሩ የመጣው ብዙ ጊዜ አይኤስኦ 22196 ከተባለ ፍተሻ ነው። ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ በቅቡ ላይ ይደረጋል፣ በስስ ፕላስቲክ ይሸፈናል። በ35 ዲግሪ፣ በእርጥበት ውስጥ፣ 24 ሰዓት ይቀመጣል። ደም የለም። ሽንት የለም። የሚፈስ ነገርም የለም። ቅቦችን እርስ በርስ ለማወዳደር ጥሩ ፍተሻ ነው። ሕመምተኛ ላይ ምን እንደሚሆን ግን አይናገርም።

ስለዚህ ወኪሉን እንዲህ ጠይቁ። ሰው ላይ የተሠራ ጥናት አለ? በዕጣ የተከፋፈለ ነው? የተቆጠረው የታመመ ሰው ነው? ይኸው ዕቃ ነው የተጠናው ወይስ የሚመስለው? ቅቡ ስንት ቀን ይሠራል? ውስጡም ተቀብቷል? መጋዘን ውስጥ በእኛ ሙቀት ስንት ጊዜ ይቆያል? በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቧል? የጨረታ ስፔሲፊኬሽን ላይም "በብር የተቀባ" ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ እነዚህን ጥያቄዎች አስገቧቸው።

ሌላም አለ። ቅብ ያለውን ቱቦ አጥቦ ደግሞ መጠቀም በፍጹም አይሞከር። አንድ ጊዜ የሚያገለግል ዕቃ ነው። በረኪናና መፋቂያ ቅቡን ይልጣል፣ የተላጠው ቦታ ለባክቴሪያ ከተራው የበለጠ ሸካራ መቀመጫ ይሆናል።

አስታማሚ ለሆናችሁ ደግሞ ማዘዣው ላይ "ካቴተር" ከተባለ ቁጥሩንና ዓይነቱን አይታችሁ ተራውን ግዙ። ፋርማሲው ውድ ቅብ ያለውን ቢያሳያችሁ ሐኪሙን ወይም ሲስተርን ጠይቁ። ማሸጊያው ያልተቀደደ፣ ቀኑ ያላለፈ መሆኑ ከቅቡ ይበልጣል። የሽንት ከረጢቱ ከወገብ በታች ይሁን፣ መሬት አይንካ። በየጠዋቱም "ይህ ቱቦ ዛሬም ያስፈልገዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ነርስ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም፤ እኔ ደስ ይለኛል።

እኛ ኮሚቴ ውስጥ የወሰንነው ይህን ነው። ለዋርዶቹ ተራውን ካቴተር ገዛን። ከተረፈው ገንዘብ ዝግ የሽንት ከረጢትና የእጅ አልኮል ጨመርን፤ በየአልጋውም ቱቦው የገባበት ቀን የሚጻፍበት ካርድ ተሰቀለ። ብር የተቀባውን የመተንፈሻ ቱቦ ጉዳይ ግን ክፍት ትተነዋል። ቬንቲሌተር ላይ ካሉ ሕመምተኞቻችን ስንቱ ከሁለት ቀን በላይ እንደሚቆይ መቁጠር ጀምረናል፤ ቁጥሩ ሲሞላ ከወኪሉ ጋር እንደገና እንቀመጣለን።